ከአዳብና ሜዳ እስከ ለንደን ጋዜጣ

መስቀል አልፎ እንግዳው ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሲጀምር፣ በክስታኔ ጉራጌ የወጣቱ ተራ ይመጣል። አዳብና ይባላል። በሶዶ ወረዳ፣ በቡኢና በአካባቢዋ ገበያዎች፣ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ለሳምንታት ወንዱም ልጃገረዷም ተጊጠው ይወጣሉ፤ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያል። ብዙ ትዳር የተጀመረው እዚያ ነው። ወጣቶቹ ብቻቸውን የሆኑ ይመስላቸዋል እንጂ አገር ከዳር ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ምክር ደግሞ የቤት ነው፦ እናት ለልጇ፣ አክስት ለእህቷ ልጅ፣ ታላቅ ለታናሽ። ለዚህ ምክር ማንም አይከፍልም፤ ስንት ወጣበት ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ወጣትን የመምከር ሥራ ከዚህ ሜዳ ወጥቶ ሬዲዮ ጣቢያ እስኪገባ፣ ከሬዲዮም አልፎ የለንደን ጋዜጣ ክስ እስኪቀርብበት ድረስ ረጅም መንገድ ሄዷል። የመንገዱ አንድ ጫፍ ቡኢን ይነካል፤ በምን በኩል እንደሚነካ ወደ ኋላ ይመጣል።

የድሮው ምክር ያለ እንከን ነበር ማለት አይደለም። የክስታኔ ሕዝብ በጎርደና ሴራ፣ ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ ሲተዳደር፣ ስለ ትዳርና ፍቺ የሚፈርደው ሽማግሌ እንጂ ልጃገረዷ አልነበረችም። ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአደባባይ የሞገተችው የቃቄ ውርድወት ስሟ እስከ ዛሬ ይነሳል። ሴቶችን አስከትላ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ወንድ በላይ በላይ ሲያገባ ሴት ለምን ዝም ትበል፣ ሴትስ ባሏን ለምን አትመርጥም ብላ ጠየቀች። ጫንያለው ወልደጊዮርጊስ ታሪኳን ወደ ተውኔት ለውጦ በብሔራዊ ቴአትር ሲታይ፣ ከጉራጌ ውጭ ያለው ተመልካችም አወቃት። ሴት ልጅ ስለ ራሷ ሕይወት በሰው ፊት ስትናገር የሚነሳው ቁጣ ከውጭ የመጣ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የለወጠው ከሁሉም በላይ መንገድ ነው። ከዓለም ገና ተነስቶ በቡኢና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው ጎዳና በ1950ዎቹ ሲጀመር፣ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። በዚያ መንገድ ቡና፣ ቆጮና በርበሬ ብቻ አልተጓዘም፤ ልጆችም ተጓዙ። የሊስትሮ ሳጥን ተሸክሞ፣ ሱቅ ተቀጥሮ፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚኖረው የጉራጌ ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እናትና አክስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ቀሩ። የአገር ልጅ ስለ ንግድ ይመክረዋል፤ ስለ ገንዘብ አያያዝ ይመክረዋል። ስለ ፍቅርና ስለ በሽታ ግን አንደበቱ ይያዛል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገሬው ሰው። እዚህ ግን እምቢ ከማለቱ በፊት የሚመክረው ራሱ የጠፋበት ወጣት ነበር።

በሕግም ቢሆን ብዙ መናገር አይቻልም ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ያስቀጣ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ ሲጀምር የነበረው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። በፈቃደኞች የተጀመረው ያ ሥራ በየከተማው ወጣቶች ስለ ራሳቸው የሚጠይቁባቸው ክሊኒኮች እስኪያፈራ ብዙ አሥርተ ዓመታት ወስዷል። ከ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በኋላ ነገሩ በይፋ የሚወራ ሆነ፤ ኤች አይ ቪ ደግሞ ዝምታውን በግድ ሰበረው።

ምክር በሬዲዮ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲከፈት አዲስ አበባ ወጣቱ እየደወለ የሚናገርበት ሞገድ አገኘች። 952 ላይ የሚደወልለት የ«ወገን» የስልክ መስመር ስም ሳይጠይቅ ስለ ኤች አይ ቪ ይመክር ነበር፤ «ቤተኛ» የተባለው ዝግጅት ደግሞ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በገዛ ድምፃቸው ያሰሙበት ነበር። ከሁሉም ሩቅ የተጓዘው ግን በብሔራዊ ሬዲዮ የተላለፈው ተከታታይ ድራማ ነው፦ «የቀን ቅኝት»። በዶክተር ነጉሤ ተፈራ የሚመራው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ድራማ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላልፏል።

አሠራሩ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የቴሌቪዥን ሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድራማን ለትምህርት የሚጠቀምበት ዘዴ ቀመረ። አንድ ጥሩ ሰው፣ አንድ መጥፎ ሰው፣ በመሃል ደግሞ የሚወላውል ሰው ይቀመጣል። አድማጩ የሚከተለው ወላዋዩን ነው፤ እሱ ሲሳሳት ይቆጣል፣ ሲመለስ ይደሰታል፣ በዚያው ራሱን ያያል። ማንም «እንዲህ አድርግ» አይለውም። በ«የቀን ቅኝት» ፍቅርተ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የአድማጩ ልጅ ሆና ነበር። ድርጅቱ እንደዘገበው ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ከአድማጮች መጣለት። በዚያ ዘመን ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ወረቀት ይገዛል፣ ቴምብር ይለጠፋል፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል ልጅ ደግሞ ለጎረቤት ተማሪ ታስጽፋለች። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጀርባ የጻፈው ብቻ ሳይሆን አብሮ የሰማና አብሮ የተከራከረ ሰው አለ። ወጣትን የሚመክር ሥራ ሲተች ሊቀርብ የሚችለው ምርጡ ማስረጃ ይህ ዓይነቱ ነው። ይህን ማስታወስ ወደ ፊት ለሚመጣው ነገር ይጠቅማል።

አንድ ነገር ደግሞ መነገር አለበት፤ የለንደን ጋዜጦች ሊያውቁት ያልሞከሩት እሱ ነውና። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ሴቶች መብት በግልጽ የሚሟገት ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። መዓዛ አሸናፊ ከመሠረቱት መካከል የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በ1988 ዓ.ም. በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ተማሪ ጠበቃ ሆኖ ነጻ አውጥቷታል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርግ የማኅበሩ ግፊት ነበረበት። በ2001 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነትና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። የማኅበሩ ገንዘብ በባንክ ታገደ፤ ብዙ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን «የልጅቷ መብት ተጥሷል» ብሎ ለመናገር በሩ ሲጠብ፣ ስለ ልጅቷ ታሪክ መንገርና መዝፈን ግን ክፍት ነበር። ዘፈን ለምን ተመረጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን መፈለግ ያለበት ከዚህ አዋጅ ጀምሮ ነው።

«የኛ» የተወለደችው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ከበስተ ጀርባው ያለው ድርጅት መጀመሪያ ገርል ሃብ፣ በኋላ ገርል ኢፌክት ይባል ነበር፤ የናይኪ ፋውንዴሽንና የእንግሊዝ መንግሥት ዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ዲፊድ፣ በጋራ ያቋቋሙት ነው። በኢትዮጵያ፣ በሩዋንዳና በናይጄሪያ ሠራ። በሩዋንዳ «ኒ ኛምፒንጋ» የተባለ የልጃገረዶች መጽሔት አወጣ። በኢትዮጵያ የመረጠው ሬዲዮንና ሙዚቃን ነው። «የኛ» በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአማራ ክልል መሰማት ጀመረች። የተለያየ ኑሮ ያላቸው አምስት ልጆች፣ ሚሚ፣ እሙዬ፣ ለምለም፣ ሜላትና ሳራ፣ በሙዚቃ ይገናኛሉ፤ ከድራማው ቀጥሎ ወጣቶች ስለ ሰሙት ነገር የሚወያዩበት ዝግጅት አለ። አምስቱን የተጫወቱት ወጣት ድምፃውያን ከድራማው ውጭም እንደ አንድ ቡድን ዘፈኑ፤ «አቤት» ታወቀች፣ «ጣይቱ»ን ደግሞ ከአስቴር አወቀ ጋር ሠሩ። አስቴርን የሚያህል ድምፃዊ ከጀማሪዎች ጋር ስለ እቴጌ ጣይቱ ስትዘፍን፣ ጉዳዩ የሴት ልጅ ክብር መሆኑን የሰማ ሁሉ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ለምን አማራ ክልል ብሎ ለሚጠይቅ፣ እዚያ ልጃገረድ ከአገሪቱ ሁሉ ቀድማ ትዳር ውስጥ ትገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። በ2016ቱ ጥናት ይህ ወደ 17.1 ከፍ አለ። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 40 ያህሉ 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል። ሕጉ ከተጻፈ ብዙ ዓመት አልፎ ማለት ነው። ፍርድ ቤት በሌለበት ቀበሌ፣ ቃል የሰጠ አባት፣ በግ ያረደ አማች፣ ድግስ የደገሰ ጎረቤት ባለበት ቤት ውስጥ ልጅቷ «አልፈልግም» የምትለውን ቃል ከየት ትስማ? ሬዲዮው ሊሞላ የሞከረው ቦታ ይህ ነው።

ትችቱ የመጣው ከሁለት ወገን ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጨዋና ጠቃሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 የእንግሊዝ እርዳታን የሚመረምረው ነጻ ኮሚሽን ገርል ሃብን መርምሮ ዝቅ ያለ ደረጃ ሰጠው። የበጀት አያያዙ የላላ ነው፣ ዕቅዱና አስተዳደሩ ይጎድለዋል፣ ልጆችን ከጥቃት የሚጠብቅ በቂ መመሪያ የለውም አለ። ሐሳቡ ግን ተስፋ እንዳለው ጻፈ። ልጆችን የሚመክር ድርጅት ልጆችን የሚጠብቅበት መመሪያ ካልተሟላለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ኮሚሽኑ ይህን ማለቱ ተገቢ ነበር፣ ድርጅቱም ማስተካከያ ማድረግ ነበረበት።

ሁለተኛው የዴይሊ ሜይል ነው። ጋዜጣው ለዓመታት ቡድኑን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ ጻፈ። ስፓይስ ገርልስ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝን ገበያ የተቆጣጠረ የአምስት ሴቶች የፖፕ ቡድን ነው። ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ነገሩን ማንበብ አያስፈልግም፤ እንግሊዛዊው ግብር ከፋይ ገንዘቡ ለአፍሪካዊ ፖፕ ዘፋኞች ሲሄድ በዓይነ ሕሊናው ያያል። ድራማው፣ ውይይቱ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻው፣ አዋጅ 621፣ ሁሉም ከሥዕሉ ወጣ። ዲፊድ እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ለሚዘልቀው የሥራው ምዕራፍ የመደበው 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እንግሊዝ በዚያው ጊዜ ለኢትዮጵያ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ትሰጥ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ለቡኢ ቢሆን ስንት ትምህርት ቤት ይሠራል። ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ግን የጋዜጣው ቁጣ ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም።

ቁጣው ለምን በዛ? ጉዳዩ ኢትዮጵያ ስላልነበረች ነው። እንግሊዝ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶውን ለእርዳታ እንድታውል የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የዴይሊ ሜይል እህት ጋዜጣ ሜይል ኦን ሰንደይ ይህን ሕግ የሚቃወም ፊርማ አሰባሰበ፤ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፤ ጉዳዩ በሰኔ 2016 በፓርላማ ውይይት ተደረገበት። እንዲህ ላለ ዘመቻ ምሳሌ ያስፈልጋል፤ ምሳሌውም ቶሎ የሚያስቅ መሆን አለበት። ቀለም የለበሱ፣ የሚዘፍኑ፣ የሚጨፍሩ አምስት ወጣት ሴቶች ለዚህ ከተገኙት ሁሉ ቀላሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዲፊድን ቢሮ የተረከቡት ሚኒስትር ፕሪቲ ፓቴልም ከዓመታት በፊት ዲፊድ እንዲዘጋ ሐሳብ ያቀረቡ ሰው ናቸው።

ዲፊድ መጀመሪያ ሥራውን ይከላከል ነበር። በታኅሣሥ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፎቹ እንደገና በረቱ። በ2009 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ኢትዮጵያ ለበዓሉ ሽር ጉድ ስትል፣ መሥሪያ ቤቱ ከገርል ኢፌክት ጋር የነበረውን ትብብር ማቆሙን አስታወቀ። ምክንያቱ ገንዘቡን የበለጠ ውጤት በሚያመጣ መንገድ ማዋል ይቻላል የሚል ነበር። ጋዜጣው ድሉን የራሱ አድርጎ ወሰደው።

ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ያው የእንግሊዝ መንግሥት ለንደን ላይ ስለ ልጃገረዶች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠርቶ ነበር። ኢትዮጵያ እዚያ ቆማ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ግርዛትን እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) አጠፋለሁ ብላ ቃል ገባች። ቃሉን ያስገባው አገር፣ ቃሉ እንዲፈጸም ከሚረዱት ሥራዎች አንዱን በጋዜጣ ርዕስ ግፊት ለቀቀው።

የገርል ኢፌክት ምላሽ ምን ነበር? አዲስ መንገድ ሲሞከር የሚቃወም አይጠፋም የሚል ፍሬ ሐሳብ ያለው መግለጫ አወጣ፤ የአድማጮች ጥናት ውጤቶቹን አስታወሰ፤ «የኛ» እንደምትቀጥልም ተናገረ። መግለጫው ክብሩን የጠበቀ ነበር። ግን ለማን ተጻፈ? ለሚኒስትሩ ቢሮ፣ ለለጋሾች፣ ለእንግሊዝ ጋዜጠኞች። ክርክሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ተካሄደ። ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ያለች፣ በሳምንቱ ቀን ሬዲዮ ከፍታ የምትጠብቅ ልጅ ስለ እሷ እየተወራ መሆኑን እንኳ አልሰማችም፤ ምን ተጠቀምሽ ብሎ የጠየቃትም ጋዜጣ የለም። የ«የቀን ቅኝት» 15 ሺህ ደብዳቤ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። መቶኛ ቁጥር ሌላ መቶኛ ቁጥር ያመጣል፤ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በገዛ እጇ የጻፈችውን ወረቀት ግን ማንም ጋዜጣ ስፓይስ ገርል ብሎ ሊያልፈው አይችልም። «የኛ» ከተሸነፈችበት ነገር አንዱ፣ ጠበቆቿ የሚሟገቱላቸውን ልጆች ራሳቸውን ምስክር አድርገው አለማቅረባቸው ነው።

ሌላም እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ዴይሊ ሜይል አላነሳውም። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሴቶች ሦስት አራተኛ የሚጠጉት በሳምንት አንዴ እንኳ ጋዜጣ አያነቡም፣ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥን አያዩም። ቀድማ የምትዳረዋ ልጅ ያለችው ከእነዚህ መካከል ነው። የቋንቋ ነገርም አለ፤ ቤቷ ክስታንኛ የምታወራ የሶዶ ልጅ በአማርኛ የተሠራ ድራማ ቢደርሳትም ሚስጥሯን የምታወራበት ቋንቋ ሌላ ነው። ይህ ትችት ቢቀርብ ኖሮ ሥራውን ያሻሽለው ነበር።

አሁን ወደ ቡኢ መመለስ ይቻላል። በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያው የዲፊድ ገንዘብ፣ ሌላ የምክር ሥራ በሶዶ ወረዳ እየተሠራ ነበር። ፕራይም ይባላል፤ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የተካሄደ የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ የተመረጠው ቦታ ቡኢ ዋና ከተማዋ የሆነችው ሶዶ ወረዳ ነበር፤ ሥራውን የመራው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለዚህ ምርጫ መሠረት የጣለው የቡታጅራ የቆየ የምርምር ታሪክ ነው። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ውልደትና ሞታቸው ይመዘገባል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት እየተጠየቀ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል።

የሶዶ ወረዳ 160 ሺህ ገደማ ሕዝብና 8 ጤና ጣቢያዎች ነበሩት። ከዚያ በፊት አእምሮው የታመመ ሰው ያለው ቤተሰብ ምርጫው ጠበል፣ ወይም በነርሶች የሚመራው የቡታጅራ ሆስፒታል ክሊኒክ፣ ሲብስ ደግሞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ፕራይም ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አሠልጥኖ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያው አመጣው፤ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የታመመውን ለይተው ይልኩ ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ነው። ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ሌሊት የሚነሳ፣ ብቻውን የሚያወራ ልጅ ያለው አባት የሚያደርገው ሲጠፋው ልጁን ያስራል። ተመራማሪዎች ወደነዚህ ቤቶች ገብተው ቤተሰቡንም የታሰረውንም ጠይቀዋል። ወላጆቹ ጨካኞች ሆነው አልተገኙም፤ ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይጎዳ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር የፈሩ፣ መድኃኒት መግዣ ያጡ፣ እርሻውን ትተው ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። ሕክምናው ጤና ጣቢያ ከገባ በኋላ በተደረገ ክትትል፣ ባለፈው ዓመት ታስረው የነበሩት ታካሚዎች ከሩብ ገደማ ወደ አሥረኛ ገደማ ወርደዋል።

ድክመትም ነበረው፤ ተመራማሪዎቹ አልደበቁትም። ድብርት ያለበት ሰው ራስ ምታት ነው፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ነው እያለ ስለሚመጣ የጤና ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ሳይለየው ያልፋል። ይህንንም በመጽሔቶች ላይ በግልጽ ጻፉት።

ስለ ሶዶው ሥራ የጮኸ ጋዜጣ የለም። ፕራይም ጊዜውን ጨርሶ ተጠናቀቀ፤ የ«የኛ» ገንዘብ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። ልዩነቱ የአንዱ ዋጋ ከሌላው መብለጡ ነው ማለት ይከብዳል። ነጭ ጋውን የለበሰ ነርስ ምክር ሲሰጥ ሕክምና ይባላል፤ ሚኒስትርም ጋዜጣም ያከብረዋል። ስለ ጋብቻ የምትዘፍን ወጣት ሴት ስትመክር ግን መዝናኛ ይባላል። ሁለቱም የሚያነጋግሩት አንድ ትውልድ ነው፤ ጤና ጣቢያ ከመድረሷ በፊት ያለችውን ልጅ የሚያገኛት ደግሞ ሁለተኛው ነው። ፕራይም ድክመቱን ራሱ ቀድሞ መጻፉም ጠቅሞታል፤ ከውጭ የሚመጣ ተቺ የሚያጋልጠው ነገር አልተወለትም።

«የኛ» አልሞተችም። በሌላ ገንዘብ ቀጠለች፤ በኋላም ወንድ ልጆችን ጨምራ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነች። አዋጅ 621 በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፤ የ10 በመቶው ገደብ ተነሳ፤ የሴቶች ማኅበራት እንደገና በግልጽ መናገር ጀመሩ። ዲፊድ ራሱ በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። 0.7 በመቶው በ2021 ወደ 0.5 ወረደ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት በ2027 ወደ 0.3 እንደሚያወርደው አስታወቀ። ኢትዮጵያ ለንደን ላይ ቃል የገባችበት 2025 ሲደርስም ያለ ዕድሜ ጋብቻ አልተወገደም።

ስለዚህ ገንዘቡ እየሳሳ ሲሄድ፣ ወጣት የሚመክሩ የሬዲዮ ዝግጅቶች፣ የስልክ መስመሮችና ክሊኒኮች ሁሉ በየተራ ምን ሠራችሁ ተብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጠያቂው የለንደን ጋዜጣ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የክልል ቢሮ፣ ወላጅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ይጠይቃል። መልሱ ከዛሬ ጀምሮ መሰብሰብ አለበት፦ የአድማጮች ደብዳቤና የስልክ ጥያቄ ስም ሳይገለጽ በአማርኛ፣ በክስታንኛም፣ በኦሮምኛም ተጽፎ ይቀመጥ፤ የወጣው ብር ከነጉድለቱ በየዓመቱ ይታተም፤ ያልደረሱት ቀበሌም በስሙ ይጠራ። «የቀን ቅኝት» ያከማቻቸው ደብዳቤዎች ተመርጠው በመጽሐፍ ቢወጡ ደግሞ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው ኢትዮጵያዊ ወጣት ምን ይጨንቀው እንደነበር ከራሱ አንደበት የሚነበብበት የመጀመሪያው ትልቅ መዝገብ ይሆናል።